ጎማው ነው ወይስ መኪናው? እንከን የታየበት የጭቃ ጎማ ላይ ከመወሰንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ጥቅምት ሲገባ ጅማ ላይ ሁለት ነገር ይቀላል፤ የቡናው ፍሬና የጎሚስታው ዓይን። እሸት ቡና ተለቅሞ ማደር አይወድም። ስለዚህ ከአጋሮ ገጠር፣ ከሊሙ፣ ከጌራ፣ ከሰቃ ጮቆርሳ የሚመላለሰው መኪና ቀን ቀን ይሮጥና የጎማውን ጣጣ ይዞ የሚቆመው ማታ ነው። ማታ በባትሪ ብርሃን የተመረጠ ጎማ ደግሞ በማግስቱ ፀሐይ ሲያርፍበት ሌላ መልክ ያወጣል።

ባለፈው ዓመት ጎሚስታው ደጃፍ ከሚሰለፉት አንዱ እኔ ነበርኩ። ለአሮጌው ላንድክሩዘሬ አራት አዲስ ባለ ትልቅ ጥርስ ጎማ ገዝቼ ሳምንት ሳይሞላው፣ አስፋልት ላይ ፍጥነቱ 70 ሲደርስ መሪው ወንፊት የያዝኩ ይመስል ይንቀጠቀጥብኝ ጀመር። ሻጩ ጋ ስሄድ «መኪናዎን ያስመርምሩ» አለኝ። መካኒኬ ጋ ስሄድ «ጎማህን መልስ» አለኝ። በሁለቱ መካከል ስመላለስ አስር ቀን ነጎደ። በመጨረሻ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘው ተገኙ፤ አንዱ ጎማ ክብነቱ የተዛባ ነበር፣ የፊት ግራው ሾክ አብዞርበርም ዘይቱን አፍስሶ ጨርሷል። ከዚያ ወዲህ ጎማ የቸገረው ወዳጅ ሁሉ ይደውልልኛል። እኔም ያንኑ ስለምደጋግም፣ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ ብዬ ነው።

ጥፋተኛውን ሳይለዩ ገንዘብ አያውጡ

መሪ ሲንቀጠቀጥ፣ መኪና ወደ አንድ ጎን ሲጎትት፣ ጎማ እኩል ሳይበላ ሲቀር ሦስት ተጠርጣሪ አለ፤ ጎማው፣ መኪናውና የተሞላው አየር። አራተኛው መንገዱ ነው፤ እሱን ግን ከሶ የረታ የለም።

ለመለየት ማሽን የግድ አይደለም። መኪናውን ጠጣርና ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ፣ በሚቀሩት ጎማዎች ሥር ድንጋይ ያስገቡ፣ የተጠረጠረውን በክሪክ ያንሱ። አንድ እንጨት ከጎማው ጥርስ ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው አስጠግተው መሬት ላይ ያስደግፉና ጎማውን በእጅዎ ቀስ አድርገው ያዙሩ። ክፍተቱ አንዴ ሲሰፋ አንዴ ሲጠብ ካዩ ወይ ጎማው ወይ ቸርኬው ክብ አይደለም። አሁን እንጨቱን ወደ ቸርኬው ጠርዝ ያዙሩት። ቸርኬው ሳይወላገድ ዞሮ ጎማው ብቻ ከተወዛወዘ ነገሩ ወደ ጎማው አደላ።

አደላ አልኩ እንጂ ገና አልተፈረደበትም። ከቸርኬው ጠርዝ ከፍ ብሎ፣ በጎማው ጎን ዙሪያውን የምትሄድ አንዲት ቀጭን መስመር አለች። ከቸርኬው ያላት ርቀት በአንድ ወገን ጣት የሚያህል፣ በሌላው ክር የሚያህል ከሆነ ጎማው በቅጡ አልተቀመጠም፤ ጥፋቱ የገጣሚው ነው። አየሩን አስወጥቶ፣ ከንፈሩን ሳሙና ቀብቶ፣ እንደገና መንፋት ይበቃል። አዲስ ጎማ በዚህች ብቻ ተወቅሶ ሲመለስ አይቻለሁ።

ወደ አንድ ጎን የሚጎትት መኪና ከሆነ የፊት ሁለቱን ጎማዎች ግራና ቀኝ ያለዋውጡ (ጎኑ ላይ የመዞሪያ ቀስት ካልተሳለበት ነው)። መጎተቱ አብሮ ጎን ከቀየረ ጎማው ነው። ካልቀየረ አላይመንት፣ ፍሬን ወይም ኩሽኔታ ይጠርጥሩ። አበላሉም ይናገራል። ሁለቱ ዳር ከመሐሉ ቀድሞ ያለቀ ጎማ አየር አንሶት የኖረ ነው፤ መሐሉ ቀድሞ ያለቀ አየር የበዛበት ነው፤ አንድ ዳር ብቻ የተላጨው አላይመንት የናፈቀው ነው። በእጅዎ ሲዳብሱት እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ሾክ አብዞርበሩን ወይም ባላንሱን ይመልከቱ።

እብጠት ለብቻው ይታይ። ጎን ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ያወጣ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ከድንጋይ ወይም ከጉድጓድ ጠርዝ ተላትሞ የውስጥ ክሩ የተበጠሰ ነው፤ አምራቹም በዋስትናው ውስጥ አይቆጥረውም። በእኛ አካባቢ ይህ የሚበዛው በጭቃው ወራት ሳይሆን ከጥቅምት በኋላ ነው። በክረምት የተፈለፈለው የመኪና ዱካ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል፣ በውስጡ የተቀበረው ድንጋይም አፉን ያወጣል። ጥርሱ ላይ፣ ማለትም መሬት የሚነካው ፊቱ ላይ ያበጠ ጎማ ግን ሌላ ታሪክ አለው። እሱ ከሥር ያለው የሽቦ መታጠቂያ ከጎማው እየለቀቀ መሆኑን ሊነግርዎ ይችላል። በዚያ ጎማ ወደ ጋራዥ እንኳ አይንዱ፤ ባሉበት ይቀይሩት።

በታላላቆቹም ቤት ክርክሩ ይኸው ነበር

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2000 የጎማ አምራቹ ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማ ከአሜሪካ ገበያ እንዲመለስ አወጀ። ኤ ቲ ኤክስና ዊልደርነስ ኤ ቲ የተባሉ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የተሠሩ ጎማዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹም ፎርድ ኤክስፕሎረር የተባለው መኪና ላይ የተገጠሙ። በፍጥነት ሲሄዱ ጥርሱ ከነመታጠቂያው ከጎማው ላይ ይገፈፍና መኪናው ይገለበጣል። የአሜሪካው የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከዚህ ጋር ያያዛቸው ሞቶች 271 ደረሱ።

ቀጥሎ የሆነው እኔ ከሻጩና ከመካኒኩ ጋር የገጠመኝ ነው፤ መጠኑ ብቻ ገነነ። ፎርድ «ጎማው ነው» አለ፤ ፋየርስቶን «መኪናው ነው፣ ደግሞም አየር ቀንሳችሁ እንዲሞላ መክራችኋል» አለ። በእርግጥም ፎርድ ለዚያ መኪና የመከረው የአየር ግፊት 26 ፒ ኤስ አይ ነበር፣ ፋየርስቶን በኋላ 30 ይሁን አለ። አየር ያነሰው ጎማ ሲዞር ይበልጥ ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ ይሞቃል፣ ጭነትና ፍጥነት ሲጨመርበት ሙጫው ይለቃል። ወደ አንድ ክፍለ ዘመን የተጠጋው የሁለቱ ኩባንያዎች ዝምድና በ2001 እ.ኤ.አ. ፈረሰ። ከዚያ ጣጣ የወጣው የአሜሪካ ሕግ ነው ዛሬ በአዳዲስ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ የሚበራውን የጎማ አየር ምልክት ግዴታ ያደረገው። የእኔ ላንድክሩዘር እንዲህ ያለ መብራት የለውም። የእኔ መብራት ጠዋት ጠዋት ጎማውን በእግሬ መምታቴ ነው፤ እሱም ዋጋ እንደሌለው መካኒኬ ነግሮኛል። እውነቱን ነው። ከአስር ፒ ኤስ አይ በላይ የጎደለው ጎማ በእግር ሲመታ ከሙሉው እምብዛም አይለይም። መለኪያ ይግዙ።

አራቱ ቁጥሮች እና የእኛ አቆጣጠር

እዚህ ላይ ቆም ይበሉልኝ፤ አገራችን ላይ ብቻ የሚሠራ ወጥመድ አለ።

ጎማው ጎን ላይ ዲ ኦ ቲ የሚሉ ፊደላት ይታያሉ። ከነሱ ኋላ ፊደልና ቁጥር ይደረደርና መጨረሻ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ፣ አራት ቁጥሮች ይቀመጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበት ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። ዓመቱ የፈረንጅ ነው። 2317 የሚል ካዩ በ2017 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው፤ በእኛ ሰኔ 2009 አካባቢ መሆኑ ነው። አሁን ሻጩ በጣቱ እያሳየ «አሥራ ሰባት ይላል፣ የ2017 ነው» ቢልዎ አልዋሸም። የማን 2017 እንደሆነ ግን አልነገረዎትም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ስምንት ዓመት ነው፣ ላስቲክ ደግሞ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል። ፀሐይ የሚመታው ደጃፍ ላይ ተቆልሎ የከረመማ አይነሣ።

ቁጥሩ የሚጻፈው በአንድ ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል ካላገኙት ጎማው ይገልበጥልዎ፤ ተገጥሞ ከሆነም ከመኪናው ሥር ገብተው ይዩ። ትልልቆቹ አምራቾች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ አስር ዓመት የሞላው ግን ጥርሱ ቢያምርም እንዲወገድ ይመክራሉ። እኔ በዚህ ሐሩርና በዚህ ኮረኮንች አስርን አላምንም፤ ከሰባት በላይ የሆነውን ከፊት አላስገጥምም። ይህ የራሴ ልክ ነው።

ሌላው ማታለያ ጥቁር ቀለም ነው። ያገለገለ ጎማ ታጥቦ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ አልፎ አልፎም ያለቀው ጥርስ በጋለ ቢላ እንደገና ተቀርጾ ይቀርባል። በጥርሶቹ መካከል ያለው ቦይ ውስጥ ጣትዎን ይስደዱ። ፋብሪካ ያወጣው ቦይ ታችኛው ማዕዘን ክብ ያለና ለስላሳ ነው፣ ከቦዩ ሥርም እዚህም እዚያም የማለቂያ ምልክት የሆኑ ትንንሽ ድልድዮች አሉ። በቢላ የተቀረጸው ሻካራ ነው፣ ድልድዮቹም ተቆርጠዋል። ቦዩ ሥር ክር ወይም ሽቦ ብልጭ ካለ፣ ሻጩ ሻይ ቢጋብዝዎም ይሂዱ።

ቀዩ አፈር የሚወደው ጎማ

ብዙ ሰው «እንከን አለበት» ብሎ የሚመልሰው ጎማ እንከን የለበትም። የተሳሳተ ጎማ ነው።

ጅማና ዙሪያዋ በዓመት አንድ ሺህ አምስት መቶ ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛሉ፤ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ይዘንባል። አፈሩ ቀይ ሸክላማ ነው። ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ ላዩ ሳሙና ሥሩ ግን ጠጣር ነው። ጥርሱ የተቀራረበ ኤ ቲ ጎማ በዚህ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ሲዞር ቦዮቹ በጭቃ ይደፈናሉና ከተላጨ ጎማ አይሻልም። ኤም ቲ የሚባለው ትክክለኛው የጭቃ ጎማ ቦዮቹ ሰፊ ስለሆኑ ሲሽከረከር ጭቃውን ይተፋል። ታዲያ ሁሉም ኤም ቲ ይግዛ? አይደለም። ከጅማ በአጋሮ በኩል እስከ በደሌ፣ በሌላው ወገን ደግሞ እስከ ቦንጋና ሚዛን ዋናው መንገድ አስፋልት ነው። ኤም ቲ ረጠብ ያለ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል፣ ይጮኻል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያልቃል። ጥርሱ ትልልቅ በመሆኑም አዲስ ሳለ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ይህ በራሱ እንከን አይደለም፣ ሻጩ ላይ አይጩኹበት።

እኔ የምለው ይህ ነው፤ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ከአስፋልት ወጥተው ወደ ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎቹ የሚገቡ ከሆነ ኤም ቲ፣ አለዚያ ጥሩ ኤ ቲ ይግዙና ሰንሰለት ይያዙ። በዚህ አፈር ላይ ደግሞ ሰፊ ጎማ ለፎቶ እንጂ ለጭቃ አይጠቅምም። ቀጭኑ የድሮ 7.50 አር 16 ላዩን ቀዶ ወደ ጠጣሩ ይደርሳል፣ ሰፊው ላዩ ላይ ይንሳፈፍና ወደ መንገዱ ዳር ቦይ ይዞዎት ይሄዳል። ሽማግሌዎቹ ሹፌሮች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል።

ጥርስ በቂ መሆኑን ለማየት የብዙ አገር ሕግ የሚጠቅሰው 1.6 ሚሊ ሜትር ለአስፋልት ነው፤ ለጭቃ ያ ልክ ባዶ እጅ ነው። እኔ የምለካው በቡና ፍሬ ነው፤ አልቀለድኩም። የተፈለፈለ ደረቅ ቡና ጠፍጣፋ ጎኑን ወደ ታች አድርገው ቦዩ ውስጥ ቢያስቀምጡት ውፍረቱ አራት ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ፍሬው ከጥርሱ በላይ ብቅ ካለ ያ ጎማ የጭቃ ዕድሜውን ጨርሷል። እዚህ አገር መለኪያ ሊጠፋ ይችላል፣ ቡና ግን አይጠፋም።

ጭነቱንም በፈረሱላ ያስሉት። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ 60 ፈረሱላ ጀንፈል የጫነ ፒክአፕ ከአንድ ቶን በላይ ተሸክሟል፣ ያም ሁሉ ማለት ይቻላል የኋላ ጎማዎች ላይ ያርፋል። የመኪናው የራሱ ክብደት ሲጨመርበት ለእያንዳንዱ የኋላ ጎማ ከ900 ኪሎ በላይ ይደርሳል። ጎማው ጎን ላይ ከሙሉ ልኩ ኋላ የሚጻፈው ቁጥር የሚችለውን ይናገራል፤ 104 ማለት 900 ኪሎ፣ 112 ማለት 1,120 ኪሎ፣ 121 ማለት 1,450 ኪሎ። ባለ 104 ጎማ ገጥሞ 60 ፈረሱላ የጫነ ሰው ጎማው ሲፈነዳ ፋብሪካውን ባይረግም ደስ ይለኛል።

(ቀልድ ለሚወድ፦ አጋሮ ያለችበት ወረዳ ስሙ ጎማ ነው፤ ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ የነበረው። «ጎማ ላይ ጎማ ፈነዳብኝ» ብሎ የደወለልኝን ሰው ሁለት ጊዜ አስደግሜዋለሁ። ሌላም ግጥምጥሞሽ አለ፤ የሊሙ ቡና እርሻና አዲስ አበባ ያለው የአገራችን የጎማ ፋብሪካ ሁለቱም ሆራይዘን በሚል ስም በሚድሮክ ሥር ናቸው። ቡናውና ጎማው ዘመዳሞች ሆኑ ማለት ነው።)

አየሩን የት ሞሉት?

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መካከል ላይ መንገዱ ወደ ግቤ ሸለቆ ይወርዳል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,100 ሜትር አካባቢ ሲወርዱ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ላይ ወደ ሁለት ፒ ኤስ አይ ይቀንሳል። በሌላ በኩል ሸለቆው ይሞቃል፤ በየአስር ዲግሪው አንድ ተኩል ያህል ይጨምራል። ሁለቱ ሲጣፉ የሚቀረው ከቁብ አይቆጠርም። ችግሩ ሰዎች ግቤ ላይ ወርደው የጋለ ጎማ ሲለኩ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ያዩና ያስተነፍሳሉ። ጅማ ሲደርሱ፣ ማታ ሲቀዘቅዝ፣ አየር ያነሰው ጎማ ይዘው ያድራሉ፣ በማግስቱም ቡና ይጭኑበታል። የፋየርስቶን ነገር እዚህ ጋ ይታወስዎ። አየር የሚለካው ጠዋት፣ ሳይነዱ ነው።

ጭቃ ላይ አየር መቀነስ ይረዳል፤ ባዶ መኪና ከሆነ እስከ 20 ወርዶ በዝግታ መሄድ ይቻላል። ከጫኑ ግን፣ ወይም ሹል ድንጋይ ያለበት ኮረኮንች ላይ ከሆኑ፣ ይተዉት። አስፋልት ሳይወጡም መልሰው ይሙሉ። ለዚህ ትንሽ የባትሪ ኮምፕሬሰር ያልያዘ ሰው አየር መቀነስም አይገባውም።

ይለጠፍ ወይስ ይጣል?

ጥርሱ ላይ፣ ከእርሳስ ውፍረት ያልበለጠ ቀዳዳ ይለጠፋል። ከውስጥ በተለጠፈ ፓች ከሆነ ጥሩ፣ ከውጭ በሚገፋው ገመድ መሳይ ማሸጊያ ከሆነ ለጊዜው። ጎኑ ላይ ያለ ቀዳዳ አይለጠፍም፤ ጎን በየዙሩ ስለሚታጠፍ ማንም የሰፋው ስፌት አይዘልቅም። ጎሚስታው «ችግር የለም፣ ከመነዳሪ እናስገባበት» ይልዎታል። ቱቦለስ ጎማ ውስጥ ከመነዳሪ ማስገባት በአገራችን የተለመደ ነው፣ ጌራ መንገድ ላይ ብቻዎን ሲመሽብዎም ያድናል፣ እኔንም አድኖኛል። ግን ከመነዳሪ በጎማው ውስጥ ሲፋተግ ይሞቃል፣ ሲፈነዳም ቀስ ብሎ አይተነፍስም፤ አንዴ ነው። ቤት እስኪደርሱ ብቻ ይሁን፣ ከኋላ ይግጠሙት፣ ከ60 አይለፉ።

አንዱን ብቻ መቀየር

ከአራቱ አንዱ ሲበላሽ አንድ መግዛት ያባብላል፤ በተለይ ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ በኋላ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗልና። ሆኖም ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ይህን አይወድም። ላንድክሩዘር 70ና አብዛኛው ሃይሉክስ ፎር ዊል ሲገባ የፊትና የኋላ ዘንጉ አንድ ላይ ይታሰራሉ። አዲሱ ጎማ ካለቀው በዙሪያው ትንሽ ስለሚበልጥ ሁለቱ ዘንጎች እኩል መዞር ሲያቅታቸው ትራንስፈሩ ይጨነቃል። ጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ጭንቀቱን ያወጣዋል፤ አስፋልት ላይ ማውጫ የለውም። ሁልጊዜ ፎር ዊል የሆኑት ፕራዶዎችም መካከለኛ ዲፈረንሻላቸውን ይጨርሳሉ። ቢያንስ በጥንድ ይቀይሩ፤ አዲሶቹን ከኋላ፣ የተረፈውን ደህና ከነሱ ጋር በቁመት ተለክቶ የሚመጣጠን ከሆነ ለስኮርታ። የፊትና የኋላው ልዩነት ከጥቂት ሚሊ ሜትር ከበለጠ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አያስገቡ።

አሥራ አምስት ቀን

ሱቆቻችን ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ይሰቀላል። ጉድለት ያለበትን ዕቃ ያ ጽሑፍ አይሸፍነውም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ሸማቹ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ መልሶ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ከዚያ በቀደመው በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ፣ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ፣ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው፤ ገዢም ዕቃውን በጊዜ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት።

እንግዲህ ከላይ የጻፍኩት የእንጨትና የመስመር ምርመራ ሁሉ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ነው ማለቅ ያለበት። ቀኑ የሚቆጠረው ጎማው ከተገዛበት እንጂ ከተገጠመበት አይደለም። ለጥቅምት ብሎ ነሐሴ ላይ ጎማ ገዝቶ ቤት የሚያስቀምጥ ሰው ጎማው መሬት ሳይነካ የ15 ቀን መብቱ አለቀ ማለት ነው።

ደረሰኝ ይቀበሉ፤ «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልዎ» የሚለው ቅናሽ የሚሸጠው ይህንኑ መብት ነው። ደረሰኙ ላይ የጎማው ስምና ልክ፣ ቢቻል አራቱ ቁጥሮችም ይጻፉ። እንከኑን ሲያዩ ቁጥሮቹን፣ ጥርሱን፣ ሁለቱንም ጎን፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ጎማውን አያስለጥፉት፣ አያስቀርጹት፣ ለማንም አይስጡት፤ የተነካካ ጎማ ማስረጃ አይሆንም። ሻጩን በጨዋነት፣ ግን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በእጅ ስልክ የተላከ መልእክትም ቀን አለው። እምቢ ካለ የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አለ። እኔ እዚያ አልደረስኩም፤ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ከነእንጨቴ ሱቁ ደጃፍ ላይ መኪናውን አንሥቼ ጎማውን አዞርኩለት፣ ሰው ተሰበሰበ፣ ለወጠልኝ። የሾክ አብዞርበሩን ግን ከኪሴ ከፈልኩ፤ ያ የእኔ ነበር።

ስኮርታውን አውርደው ያውቃሉ?

የተበላሸው ጎማ ሳይነካ ለሻጩ መቅረብ ስለነበረበት እነዚያን ቀናት በስኮርታ ልሂድ ብዬ ነበር። ጎሚስታው፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ ከመኪናው ሥር ገብቶ የዛገውን ሰንሰለት በመከራ ፈታና አወረደው። ጥርሱ አንድም ቀን መሬት አልነካም፤ እንደ አዲስ ነው። ደስ አለኝ። ልጁ በጨርቅ ጠረገው፣ ጎንበስ ብሎ አነበበ፣ ቀና ብሎም አየኝ። 3909 ይላል። መስከረም 2002 ማለት ነው።

«ልጅዎ ስንተኛ ክፍል ናት ጋሼ?» አለኝ።

«ዘጠነኛ።»

«ይሄ ይበልጣታል» አለና አውራ ጣቱን ጎኑ ላይ ሲጫነው ስንጥቁ እንደ አሮጌ ሸክላ ምጣድ ተከፈተ። አምስተኛውንም ገዛሁ።